የንፋስ መውጫ የውጭ ጉዳይ

ባለፈው ሰሞን ራዲዮ ከፍቼ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት የከተማ ሹም ሲጠየቅና ሲመልስ ሰማሁ። ከተማቸው ከባሕር ማዶ ካለች ከተማ ጋር የእህትማማችነት ውል ተፈራርማለች፤ ልዑካን ይሄዳሉ፣ ልዑካን ይመጣሉ። «በአካባቢያችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ» አለ ደረቱን ነፍቶ። ሳቅሁ። ሳቄ እዚያው ደረቀብኝና ራዲዮውን ዘጋሁት። ልጁ ምን ያድርግ፣ የነገረው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገውንማ እኛ በንጉሡ ዘመን አድርገነው፣ እኛው ቀብረነው ተመልሰናል።

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ገንዘቧ ለሽሮና ለመድኃኒት ትበቃለች፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሥራ የጀመርሁት ወገዳ ላይ፣ በስማዳ ወረዳ ግዛት ጽሕፈት ቤት፣ የሰው አቤቱታ እየገለበጥሁ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ የቀረበለትን ሁሉ ሳያነብ ማኅተም የሚመታ፣ ማኅተም የመታበትን ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ሰውየውን አይተው የተረቱት ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተዛወርሁ። እዚያ ነው ሥራዬን ያስተማሩኝን ሰው ያገኘሁት።

ባሻ ተሰማ ይባላሉ። አስተርጓሚ ነበሩ። ጣሊያንኛውን በጠላት ጊዜ፣ እንግሊዝኛውን ጣሊያንን ሊያስወጣ ከመጣው ጦር ጋር ሲዞሩ የለመዱት ነው፤ ሰዋስው የሚባል ነገር አያውቁም፣ ግን ሰው ያውቃሉ። እኔ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የተማርሁ፣ በራሴ የምመካ ጎረምሳ ነበርሁ። መጀመሪያ ቀን ያስተረጎምሁትን ሰምተው፣ «ቃሉን አመጣኸው፤ ሰውየውን እዚያው ተውኸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው እስኪለቁ ድረስ ከሥራቸው አልጠፋሁም። ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ጋይንት አውራጃ ግዛት ሲዛወሩም ደጅ ጠንቼ ተከትያቸው ሄድሁ።

ልማዳቸውን ብዘረዝረው አያልቅም። አስተርጓሚ በሁለት ሰው መካከል አይቀመጥም ይሉ ነበር፤ መካከል የተቀመጠ ግድግዳ ይሆናል። ቦታው ከሹሙ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ጆሮው ሥር ነው። ግብር ላይ ቢሆኑ እንኳ እንግዳው እስኪሰናበት እህል አይቀምሱም፤ «ጉሮሮ ሁለት ሥራ አይችልም» ይላሉ። ሰላምታ ላይ የኛን ያሳጥራሉ፣ የፈረንጁን ያስረዝማሉ። ሹሙ የእንግዳውን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ የመንገዱን ድካም፣ የአገሩን ዝናም ሁሉ ጠይቆ ሲጨርስ ፈረንጁ በአንዲት ቃል ይመልሳል። ባሻ ያችን አንዲት ቃል ወስደው ለልጆቹም ለዝናሙም ያዳርሷታል። «የቃል ጨርቅ ያጥራቸዋል እንጂ ክፋት የላቸውም፤ አንተ ቀጥልላቸው» ይሉኝ ነበር። «ይታሰብበታል» ማለት በሹም አፍ «እምቢ» ማለት መሆኑን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን እንግዳ ከመኪና ሲወርድ ፊቱን ሳይሆን እጁን ማየታቸውን ነው። ፊት ይለማመጣል፣ እጅ አይለማመጥም።

ነገሩ የተጀመረው በንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ያስተምር በነበረ አንድ ፈረንጅ ወጣት ነው። አገሩ ተራራማ ነው፤ የትውልድ ከተማው ትንሽ፣ በብረት ሥራ የምትተዳደር ናት። የከተማዋን ስም አልጽፈውም፤ ሰዎቹ ደግ አሰቡ እንጂ ክፉ አላደረጉም፣ በኛ ኀዘን ስማቸው ባይነሳ ይሻላል። መምህሩ የኛን ኑሮ ለከተማው ሰዎች ይጽፍላቸው ኖሮ፣ አንድ ቀን ከከንቲባቸው ለአውራጃው ገዥ ሰላምታ መጣ። ከተማችን ከከተማችሁ ጋር መዋደድ ትሻለች፣ ምን ይጎድላችኋል የሚል ነው።

ገዥው ፊታውራሪ ነበሩ፤ ማዕረጋቸውን ብቻ ልጥራ። ደስ አላቸው፣ ወዲያው ደግሞ ፈሩ። «ከውጭ መንግሥት ጋር መነጋገር የጃንሆይ ነው። ጋይንት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አላት ወይ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?» አሉ።

ባሻ ከጆሯቸው ሥር፣ «ጌታዬ፣ ውል አይባል። እንግዳ መቀበል ይባል። እንግዳ ለመቀበል ከአብርሃም ጀምሮ ፈቃድ የጠየቀ የለም» አሏቸው።

ፊታውራሪ ሳቁ፣ ነገሩም ሆነ። የኛ የውጭ ጉዳይ የተመሠረተው እንዲህ ነው። ከላይ እንዳይቆጡን መንግሥት ነን አንልም፤ ለፈረንጆቹ ደግሞ መንግሥት መስለን እንታያለን።

ምን ይጎድላችኋል ለሚለው ፊታውራሪ ለአደባባዩ ትልቅ ሰዓት ፈልገው ነበር። ድልድይ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ያልሁበትም ምክንያት የሕዝብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እህቴ ይታይሽ ጋይንትንና ስማዳን ከሚለየው ወንዝ ማዶ፣ በስማዳ በኩል ነው የተዳረችው። በጋ ላይ ወንዙ ቁርጭምጭሚት ነው፤ በክረምት ግን ጋይንትና ስማዳ ሁለት አገር ይሆናሉ። የበኩር ልጇን ያጣችው በወንዙ ነበር። ምጥ ጸናባትና ክሊኒኩ ወዳለበት ወደኛ ሊያመጧት ሲሉ ወንዙ ሞልቶ መለሳቸው፤ እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። ሁለተኛ ስታረግዝ ይህ እንዳይደገም ስለት አልቀረኝም። ባሻ ይህን ያውቃሉ። ፊታውራሪን ከሰዓቱ ወደ ድልድዩ ያዞሯቸው እሳቸው ናቸው፤ እንዴት አድርገው እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ አንድ ማለዳ ፊታውራሪ ድልድዩን ራሳቸው እንዳሰቡት አድርገው ነገሩኝ።

ከንቲባው በበጋ መጣ። ቶማስ እንበለው። አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መምህሩና ሁለት ሠራተኞች አብረውት አሉ፤ በጭነት መኪና ላይ የተጠቀለለ የብረት ገመድና መንኮራኩሮች ጭነዋል። ዳስ ተጥሏል፣ ካህናቱ ወጥተዋል፣ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ባሻ እንደ ልማዳቸው እጁን አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ምነው ባሻ?» አልሁ።

«ዝም በል። ጣቱን አየኸው? እሳት ያውቀዋል።»

ሌላ ምንም አላሉም። በማግስቱ ወንዙን ወርደን አየን። ቶማስ ሁለቱን አፋፍ ተመለከተ፣ ቋጥኙን በመዶሻ እየነካ አደመጠና ይቻላል አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ፈረንጁ አይቶኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ ለምን እንደሆነ መምህሩ ነግሮት ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ግብር ሆነ። ፊታውራሪ ቶማስን በቀኛቸው አስቀምጠው፣ ጨዋ ሰው እንግዳውን የሚጠይቀውን ጠየቁት፤ የማን ልጅ ነህ፣ አባትህ ምን ነበሩ?

ቶማስ ደስ ብሎት መለሰ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ አያቴም ቀጥቃጭ ነበር፣ እኔም ነኝ፤ ሰው የመረጠኝ የተሰበረበትን ሁሉ ስጠግንለት ኖሬ ነው አለ። እኔ ከባሻ ኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ባሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አባታቸውም አያታቸውም የብረት ሥራ አለቃ ነበሩ። እሳቸውንም ሕዝቡ ወዶ ሾማቸው» አሉ።

ታዳሚው ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ይህን የምታነብ ወጣት አገሩን ካላወቅኸው ልንገርህ። በኛ ዘንድ ያን ጊዜ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። አብረውት አይበሉም፣ አይጋቡም፣ ነፍሰ ጡር በደጁ አታልፍም። በሠራው ማረሻ ግን ያርሳሉ፣ በሠራው ማጭድ ያጭዳሉ፣ በዚያ የበቀለውን እህል ይበላሉ። ባሻ በአንዲት ቃል ያለፉት ገደል ይህ ነው። እፎይ አልሁ።

እፎይታዬ አልቆየም። ቶማስ ከእግሩ ሥር ካለ ከረጢት መዶሻ አወጣ። የከተማችን ቀጥቃጮች ለከተማችሁ ቀጥቃጮች የላኩት ስጦታ ነው፤ ሰውየው የት አለ፣ ከዚህ ገበታ ለምን አላየሁትም አለ። መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ መዶሻን ሌላ ነገር ነው ብሎ ማስተርጎም አይቻልም። ባሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን እንዳለ አስተላለፉት።

ከኋላ አንድ ተረበኛ፣ «የኛማ አለቃ ከገደሉ አፋፍ ነው፤ ጌቶች ዘመድ ፍለጋ ከመጡ ይሂዱ» አለና አፉን በነጠላው እየሸፈነ የሚስቀው በዛ። ቶማስ ሳቁን አላወቀውም፤ ቦታውን ከመምህሩ ጠይቆ፣ መዶሻውን ይዞ ወጣ። ግማሹ ከተማ ተከተለው።

የቀጥቃጩ የአያ ደምሌ ቤት ከከተማው ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ነበር። ደምሌ ከሲታ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ የከሰሱት መስሎት መሬት ላይ ወደቀ። ቶማስ አነሳውና መዶሻውን ሰጠው፤ ኮቱን አውልቆ ወናፉ አጠገብ ተቀመጠ። ማረሻ እሳት ውስጥ ነበረ። አንዱ በጉጠት ይይዛል፣ አንዱ ይመታል፣ ደግሞ ይለዋወጣሉ። እኔና ባሻ ቆመን ሥራ ፈታን። ማረሻው ሲያልቅ የደምሌ ሚስት ቆሎ በሰፌድ አቀረበች፤ ቶማስ ከደምሌ ጋር ከአንድ ሰፌድ ዘግኖ በላ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለቀው። ከኋላዬ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ሲሸፍኑ አየሁ። ወደ ዳሱ ስንመለስ ከቶማስ ጋር ወደ መሶቡ እጁን የሰደደ አልነበረም፤ ሁሉም በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ አለ። ፊታውራሪ ራሴን አመመኝ ብለው ገቡ። ባሻ ወደኔ ዞረው፣ «ነገ አንተ ታስተረጉማለህ። እኔ ቃሌን ጨርሻለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ከፊታውራሪ ኋላ፣ ወደ ግራ ተቀመጥሁ። ቶማስ ያለው ቀላል ነው። ድልድይ ብረት ነው፤ ብረት ይዝጋል፣ ይላላል፤ የሚጠብቀው ሰው ይሻል፤ ደምሌ ይጠብቀው፣ በስምምነታችንም እንደ ማንኛውም የከተማ ሹም ስሙ ይግባ። ፊታውራሪ መሬት መሬት አዩና «ይታሰብበታል» አሉ። ወደ ቶማስ ዞሬ «አይፈልጉም» አልሁት። ባሻ በሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ አልገሠጹኝም።

ቶማስ እንዲህ አለ፦ እንግዲያው ገመዱንና ሰው የሚሻገርበት ሣጥን በወንዙ ላይ አስሬ እሄዳለሁ። ደምሌ ይጠብቀው። ሰው በክረምቱ ሣጥኑን ከተሻገረበት በሚመጣው በጋ ድልድዩን እንሠራለን፤ ካልተሻገረበት ብረቱን ለማን እንሠራዋለን? ፊታውራሪ ተስማሙ። ነገሩ ከሳቸው ምንም የሚጠይቅ አልነበረም።

እንደተባለው ተሠራ። ከአፋፍ እስከ አፋፍ የብረት ገመድ፣ በመንኮራኩር የተንጠለጠለ የእንጨት ሣጥን፤ ሁለት ሰው ያስቀምጣል፣ ከየትኛውም ዳር በመጎተቻ ገመድ ይሳባል። የሣጥኑን ማጠፊያና መያዣ የቀጠቀጠው ደምሌ ነው። ቶማስ ሲሄድ ደምሌ እጁን ሊስመው ጎንበስ ቢል ቶማስ ቀድሞ የእሱን ሳመ። ይህንንም ሰው አየ፤ ማየት ብቻ ሳይሆን አወራው።

እኔ በሣጥኑ ተመላለስሁበት። ባሻም ተሻገሩ፤ ከፍታ ይፈሩ ነበርና ዓይናቸውን ጨፍነው። «የመንግሥት ሰው ምን ይሆናል፣ ማኅተም ይጠብቀዋል» ተባለ። በወንዙ አጠገብ ያለው ደብር ቄስ ለኔ ብለው መጥተው ሣጥኑን ጠበል ረጩት፣ ራሳቸውም ገብተው ተሻገሩ። ደግ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ ግን፣ «ጠበሉ ለእንጨቱ ይበጃል፤ ብረቱንስ ማን ይመልሰዋል?» አለ። ነጋዴዎች ጨዋቸውን በሣጥኑ ሰደው ራሳቸው በበሬ ጭራ ተንጠልጥለው ይዋኙ ነበር። ጨው ቡዳ አይበላውም። ስናየው ከባሻ ጋር ስቀን ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ የሚያስቅ መስሎን ነው።

አዳነን፣ የይታይሽን ባል፣ በሰኔ አገኘሁት። ጥሩ ገበሬ፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው። «አዳነ፣ ሆዷ ገፍቷል፤ ምጡ ሲጀምራት በሣጥኑ ታሻግራታለህ» አልሁት። «እግዜር ያውቃል፣ ወንድምዓለም» አለኝ፤ የሚስቱ ወንድም ነኝና በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ባሻ ይህንንም ቃል እንዴት እንደሚያስተረጉሙት አውቃለሁ። ልቤ ግን ማስተርጎም አልፈለገም።

ሐምሌ ላይ ጥሪ መጣ። ከተራራ ወደ ተራራ ሰው ጮኾ ያስተላልፋል፤ ይታይሽ በምጥ ተይዛለች፣ ከትናንት ወዲህ አልተገላገለችም፣ በቃሬዛ ወደ ወንዙ እያወረዷት ነው። ከክሊኒኩ አካሚውን፣ ድሬሰሩን፣ ይዤ ሮጥሁ። ባሻ በዚያ ዕድሜያቸው በጭቃው ተከተሉን። ደምሌም ማንም ሳይጠራው፣ ገመዱ ቢቸግር ብሎ መጣ።

ወንዙ ደፍርሶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሣጥኑ በማዶ ነበር፤ ነጋዴ ጨው አሻግሮበት እዚያው አስሮት ሄዷል፤ ከእነሱ በኩል ካልፈቱት እኛ አንስበውም። ቃሬዛው ከግራር ሥር ተቀምጧል፣ ሴቶች ከበውታል። አዳነ አፋፉ ላይ ቆሟል። በዚያ ቦታ ወንዙ ጠባብ ነው፤ ጮኸው ቢናገሩ ይሰማል።

«አዳነ! ሣጥኑን ፍታና አስገባት! ድሬሰሩ ይኸው!»

«አልችልም፣ ወንድምዓለም!»

«ምን ሆነህ ነው የማትችል?»

«ደምሌ ካጠገብህ ቆሞ አየዋለሁ! በሱ ገመድ፣ በሱ ዓይን ሥር፣ እንዲህ ያለች ሴት ላንጠለጥላት?»

ደምሌ ሰማ። ወደኔም ወደ ባሻም አላየም። «ጌታው፣ ሄዷል በሏቸው። አላያትም። ዘወር ብዬም አላይ» አለና በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ያንን ዳገት እየተደናቀፈ ወጥቶ ከኮረብታው ወዲያ ተሰወረ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሰው ለሰው ሕይወት ብሎ የራሱን ስድብ አምኖ ተሸክሞ ሄደ።

«ሄደ አዳነ! አየኸው፣ ሄደ!»

አዳነ ወደ ሣጥኑ ተራመደ። እጁን በገመዱ ላይ አኖረ። ከኋላው ሴቶቹ አንድ ነገር አሉት፣ እጁን አነሳ።

«ጠይቡ ቢሄድ ሥራው አልሄደም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ የለቅሶ ነበር። ስለ ጭካኔው ብጠላው ይቀለኝ ነበር፤ ጨካኝ አልነበረም። ልጁንም እሷንም ቡዳ ይበላብኛል ብሎ ከልቡ ፈርቶ ነው።

ባሻ ወደ ውኃው ጠርዝ ወረዱ። ነጠላቸውን አደግድገው በወላዲተ አምላክ ለመኑት፤ እኔ በዚህ ሥራ ሁሉ ከሰማሁት ያማረ ቃል ነበር። አዳነ እስኪጨርሱ ሰማቸው።

«ባሻ!» አላቸው። «አንቱ የተማሩ ነዎት። በቅዱሳኑ ይንገሩኝ፤ ልጅዎ ብትሆን ከደምሌ ቤት ያስገቧት ነበር?»

ሁለት የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ፣ በስንት ሹምና በስንት ፈረንጅ መካከል ቃል ጎድሎባቸው የማያውቁ ሰው፣ ለአንድ የስማዳ ገበሬ የሚመልሱት አጡ። አዳነ መልሱን ከዝምታቸው ወሰደ።

ያን ጊዜ ይታይሽ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። ወደኔ አየች። ከዚያ እጇን ወደ ሣጥኑ ዘረጋች። ለምን እንደሆነ አስተርጓሚ አያሻውም። እኔ አየሁ፣ ባሻ አዩ፣ አዳነም አየ። ሴቶቹ እጇን አጥፈው በነጠላ ሸፈኗት፤ ቃዠች አሉ። ድሬሰሩ ቦርሳውን ይዞ፣ ከኔ ጎን፣ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ሣጥኑ በማዶ፣ ከቃሬዛው ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል። እንዲህ እንደተያየን ዋይታው ተነሣ።

የማላውቀውን ሰው ቃል ለማላውቀው ሰው ሳሻግር የኖርሁ ሰው፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ለእህቴ ባል፣ አንዲት ቃል ማሻገር አቃተኝ። ይህ ነው የሥራ ዘመኔ። ሌላው ውኃ ወቀጣ ነው።

በሳምንቱ ገመዱ በማዶ በኩል ተቆርጦ ሣጥኑን ወንዙ ወሰደው። ቡዳው ከኮረብታው ወዲያ ሆኖ ይታይሽን ከነልጇ በላት ተባለ። የደምሌ ቤት ሣር ተነቀለ፣ ሚስቱ በመንገድ ተሰደበች፤ መዶሻውንና ወናፉን አህያ ላይ ጭኖ ወጣ። ከኔ በቀር ወዴት ነህ ያለው አልነበረም። መስከረም ሲጠባ ከቶማስ ጥያቄ መጣ፤ ሰው ተሻገረ ወይ? ፊታውራሪ ሕዝቡ ገና እያሰበበት ነው በለው አሉኝ። እኔ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ጻፍሁለት። የኀዘን ቃል ላከልኝ፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ከተሞች መካከል የተነገረ ነገር የለም።

ባሻ ሥራቸውን ትተው ወደ እስቴ ሲመለሱ መኪና ድረስ ሸኘኋቸው። በየቦታው የሚያርሙኝ ሰው ያን ቀን ምንም ምክር አልሰጡኝም። «መላኩ፣ አዳነን አትቀየመው። የጠየቀኝ እውነት ነው፤ እኔም አላስገባትም ነበር» ብቻ አሉ። መኪናው ሲነሣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔ ከእሳቸው ወንበር ላይ ቀጠልሁ፤ እንግዳ ሲመጣ እጁን አያለሁ፣ ሰላምታ አስረዝማለሁ፣ ምንም አላምንም።

ወንዙ ሲጎድል አዳነ መጣ። ገና ጥቁር ለብሷል፣ ከስቷል። ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ በጨርቅ የጠቀለለውን ፈታ፤ ለሁለት የተሰበረ ማረሻ ነው።

«ወንድምዓለም፣ እርሻ ሊገባ ነው፣ ማረሻዬ ተሰበረ» አለኝ። «ከደምሌ ቤት ብሄድ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ወዴት እንደሄደ ታውቅ እንደሁ ብዬ ነው።»

«ሌላ ቀጥቃጭ የለም?» አልሁት።

«አለ። ግን ሰው የሚተማመነው በደምሌ ብረት ነው» አለኝ።

ወዴት እንደሄደ አውቅ ነበር። አልነገርሁትም።